ዝገቱን አንሡ፣ ምልክቱን ተዉ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ኪስ ውስጥ ስለምትገባ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ አሮጌ ሰንጢ። ባለ አንድ ስለቷን ተራ ሰንጢ ማለታችን አይደለም። ስለት፣ ወስፌ፣ ካቻቪቴ፣ የጣሳ መክፈቻ፣ አንዳንዴም መቀስና መጋዝ በአንድ እጀታ አጣጥፋ የያዘችውን ነው። እዚህ አብርሃ ጅራ በሰሊጥ ወቅት የዚህች ሰንጢ ሥራ ብዙ ነው። ጆንያ ሲቀደድ በወስፌዋ ይሰፋል፣ ሲባጎ በስለቷ ይቆረጣል፣ የላላ ብሎን በካቻቪቴዋ ይጠብቃል፣ ከሥራ በኋላ ሐብሐብ የምትከፍለውም እሷው ናት። ከዚያ ሂላው ተራግፎ ወቅቱ ያልፋል። ሰንጢዋ ላብና አቧራ እንደጠጣች አንድ ጥግ ትወሸቃለች፤ ክረምቱ እዚያው ያገኛታል። ባለቤቷ ሲያስታውሳት አልከፈት ትላለች።

ይህን ጊዜ ሰው ሦስት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ይጥላታል። አንዱ "እንደ አዲስ አደርጋታለሁ" ብሎ እስክታብረቀርቅ ይፍቃታል። አንዱ ደግሞ የአባቱ ወይም የወንድሙ ከሆነች "አትነካም" ብሎ ከነዝገቷ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣታል። ሦስቱም ሳያውቁት አንድ ጥያቄ እየመለሱ ነው። ጊዜ በአንድ ነገር ላይ ካሳረፈው ውስጥ የቱ ጉዳት ነው፣ የቱስ ታሪክ ነው? ማጽዳት ማለት ምኑን ማንሣት ነው? ጥያቄው በብረት ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ወደ ራሳችንም፣ ወደምናርማቸው ሰዎችም ይደርሳል። ግን ከብረቱ እንጀምር። ብረቱን በደንብ ያላየ ሰው ምሳሌውንም በደንብ አያየውም።

ሰንጢዋ ከየት መጣች?

ይህች ሰንጢ የተወለደችው ለወታደር ነው። የስዊዘርላንድ ሠራዊት በ1889 እ.ኤ.አ. አዲስ ጠመንጃ ሲይዝ፣ ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቪቴ፣ የስንቅ ጣሳ የሚከፍትበት መሣሪያ፣ ቆዳ የሚበሳበት ወስፌና ዳቦ የሚቆርጥበት ስለት አስፈለገው። የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎች የተሠሩት በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ነበር። በ1884 የቢላ መሥሪያ የከፈተው ካርል ኤልዘነር የተባለ ስዊዛዊ ባለሙያ ግን በ1891 ለሠራዊቱ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚያውቃትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስትሞት የድርጅቱን ምርት በስሟ ሰየመው። በ1921 የማይዝግ ብረት ሥራ ላይ ሲውል "ኢኖክስ" የሚል ቃል ተጨመረበት፤ "ቪክቶሪኖክስ" ሆነ። ኢኖክስ በፈረንሳይኛ የማይዝግ ማለት ነው። ስሙ ግማሹ የእናት ስም፣ ግማሹ ዝገትን የመከላከል ተስፋ ነው ማለት ነው። ፒንሳ ያላትን ዓይነት ደግሞ ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ለገበያ አቀረባት። ዛሬ በየገበያው የምናያቸው ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ቅጂዎች ናቸው።

"የማይዝግ" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሰው ሲሰማው ብረቱ አየርም ውሃም የማይነካው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት። ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ ወዲያው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑም ከሥሩ ያለውን ብረት ይዘጋል። ቢቧጨር ተመልሶ ይሸፈናል። የተራ ብረት ዝገት ግን ቅርፊቱ ልል ነው። ውሃና አየር ያሳልፋል፣ ይላጣል፣ አዲሱን ብረት ያጋልጣል፤ ያም በተራው ይበላል። ሁለቱም ብረቶች ከአየር ጋር ተገናኝተው ተለውጠዋል። አንዱ በለውጡ ተጠበቀ፤ ሌላው በለውጡ ጠፋ። የማይዝገውም ቢሆን ጨው ካደረበት ይዝጋል፤ የኛ ቆላ ላብ ደግሞ ጨው ነው።

እንዴት ትጸዳለች?

ሥራው ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ የሚከፈተውን ሁሉ ክፈቱ። አልከፈት ያለውን በፒንሳ አትታገሉት፤ ምስማሩ ይጠምማል ወይም ሞላው ይሰበራል። መጋጠሚያው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበትና፣ ከእሳት አርቃችሁ፣ አንድ ሌሊት ተዉት። በማግስቱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አንቀሳቅሱት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በየክፍተቱ ያለውን እሹት። ከአሮጌ ሰንጢ ሆድ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው፤ የኪስ ብናኝ፣ የትምባሆ ቁራጭ፣ የሰሊጥ ፍሬ። በደንብ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ውሃ ውስጧ ከቀረ የድካማችሁ ዋጋ ሌላ ዝገት ይሆናል።

ቀጥሎ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሩና ተመልከቱ። ሁለት ዓይነት ቀለም ታያላችሁ። አንዱ ቀይ ነው፣ ይሻክራል፣ ጣት ሲነካው ዱቄት ይለቅቃል። ይህ ዝገት ነው፤ ካልተነሣ መብላቱን አያቆምም። ሌላው ግራጫ ነው፣ ልስልስ ነው፣ አይላጥም። ይህ ብረቱ ለዓመታት ሽንኩርት፣ ሎሚና ሥጋ ሲቆርጥ የያዘው ቀለም ነው። አይበላውም፤ እንዲያውም በመጠኑ እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። ቀዩን በዘይት በራሰ በጣም ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ግራጫውን ተዉት።

ሎሚና አቼቶም ዝገት ያነሣሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው። ግን አንድ ጠባይ አላቸው፤ ዝገቱ ሲያልቅ አያቆሙም። ዘፍዝፎ የረሳቸው ሰው ሲመለስ ዝገቱ የለም፣ ብረቱም ጠቁሮ ተጎድጉዷል። ግራይንደርም እንዲሁ ነው። በሁለት ደቂቃ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ስለቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ቢሳልም ስለቱ አይበረክትም። የፋቀው ብረትም ተመልሶ አይመጣም። በመሳያ ድንጋይ ግን ሁለቱን ጎን እኩል አዘንብሎ፣ ሳይቸኩሉ መሳል ይበቃል።

በመጨረሻ ዘይት። ሰሊጥ አገር ስለሆንን እጃችን ፈጥኖ ወደ ሰሊጥ ዘይት ይሄዳል። ለመጋጠሚያው ግን አይሆንም፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ከልብስ ሰፊ ዘንድ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ለምኑ፤ እሱ ይሻላል። ምግብ የሚነካውን ስለት ግን ከመጠቀማችሁ በፊት እጠቡት።

እንግዲህ የሥራው ሕግ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚበላውን አንሣ፣ የማይበላውን ተው፣ ሲበቃም አቁም። ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው።

የአንድ ቤተሰብ ጥያቄ

በቅርቡ በከተማችን አባታቸው የሞተባቸው ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ስለ አንዲት ሰንጢ ተጣልተው ወደ እኔ መጡ። አላህ ይዘንለትና፣ አባትየው ከደጋ ወደ ቆላ በቀን ሠራተኝነት የወረደ፣ ዕድሜውን በሰሊጥ ማሳና በጆንያ መካከል የጨረሰ ሰው ነበር። ሰንጢዋ ከኪሱ ተለይታ አታውቅም። ስለቷ ብዙ ከመሳሏ የተነሣ ከመጀመሪያው ስፋቷ ግማሽ ያህል ቀርታለች። የእጀታዋ አንድ ጎን ተሰብሮ በራሱ እጅ በቀረጸው የቀንድ ቁራጭ ተተክቷል። በሌላው ጎን የስሙ መነሻ ፊደል በምስማር ተጭሯል። አሁን ዝጋለች፤ ወስፌዋ ብቻ ትከፈታለች።

ትልቁ ልጅ "ግራይንደር ቤት እወስዳታለሁ፣ ቀንዱንም አስነቅዬ አዲስ ፕላስቲክ አስደርግባታለሁ፣ አባቴ ያማረ ነገር ይገባዋል" አለ። እህቱ "አቧራዋም አይነካ፤ የእጁ ላብ አለባት" አለች። ትንሹ ደግሞ ሰንጢዋን ከኪሱ አወጣና "እኔ ዘንድ ናት እኮ፤ ምን ያጨቃጭቃችኋል?" አለ።

ከትንሹ ንግግር እንጀምር፤ የሰንጢዋ ዝገት ሳይነካ መጽዳት የነበረበት እሱ ነውና። አላህ በሱረቱ ኒሳእ የውርስን ድርሻ ሲደነግግ፣ የተተወው ጥቂትም ይሁን ብዙ የወራሾች ድርሻ እንዳለበት አስቀምጧል። "ጥቂት" የተባለው በከንቱ አይደለም። ሰው በመሬትና በቤት ላይ ጠንቃቃ ሆኖ በሰዓት፣ በብርድ ልብስ፣ በሰንጢ ላይ ይዘናጋል። ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜ ካለ ተፈጽሞ፣ የቀረው ሁሉ የጋራ ነው፤ የኪስ ሰንጢም ጭምር። እነዚህ ልጆች ደግሞ በሕይወት ያለች እናት አላቸው፤ ልጆች ላሉት ሟች ሚስት ድርሻዋ ስምንተኛ ነው። ስለ ሰንጢዋ ሦስቱ ሲጨቃጨቁ እሷን የጠየቀ አልነበረም። የሌላ ሰው ሐቅ ያለበትን ነገር ቢያጸዱትም ዕቃው ይነጻል እንጂ መያዙ አይነጻም።

በትልቁና በእህቱ መካከል ያለው ግን የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ የማስተዋል ጥያቄ ነው። ሁለቱም አባታቸውን ይወዳሉ። አንዱ በፍቅር ሁሉንም ሊፍቅ ነው፣ አንዷ በፍቅር ምንም ልትነካ አልፈለገችም። ፍቅር ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ባልተጣሉ ነበር።

የአነስ ዋንጫ

እዚህ ላይ ቡኻሪ የዘገቡትን አንድ ነገር እናስታውስ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ የነበሩት አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጠጡበት የነበረ የእንጨት ዋንጫ ነበራቸው። ከነቢዩ ሞት በኋላም ያዩት ሰዎች ተናግረውለታል። ዋንጫው ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁም በብር ተያይዞ ነበር። ዙሪያውን ደግሞ የብረት ቀለበት ነበረው። አነስ ይህን የብረት ቀለበት አንሥተው በወርቅ ወይም በብር ሊተኩት አሰቡ። አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) ግን የአላህ መልእክተኛ ያደረጉትን ነገር እንዳይለውጡ ነገሯቸው፤ አነስም ተዉት።

ሁለቱን ነገር አስተያዩ። ስንጥቁ ተጠገነ፤ "የነቢዩ ዕቃ ነው፣ ስንጥቁም ይከበር" ብሎ ውሃ እያፈሰሰ እንዲኖር የተወው የለም። ቀለበቱ ግን ተራ ብረት ቢሆንም አልተነሣም፤ አይጎዳምና፣ ማን እንዳደረገውም ይናገራልና። ጥገናውም አልተደበቀም። ከዓመታት በኋላ ያየው ሰው ስንጥቁ የት እንደነበር በብሩ መስመር ያውቅ ነበር። ዋንጫው ዋንጫነቱን አላጣም፣ ታሪኩንም አላጣም።

ይህን የሰሙት ልጆች ጥያቄውን ወደ እናታቸው ወሰዱት። እሷም ያ ቀንድ በተቀረጸ ሌሊት ኩራዝ ይዛ ታበራለት እንደነበር ነገረቻቸው፤ አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ትልቁ ቀንዱን ስለማስነቀል ከዚያ ወዲህ አላነሣም። እህቲቱም ከአንድ ዓመት በኋላ ዝገቱ ፊደሉን ራሱን እንደሚበላው ሲነገራት እሺ አለች። ሦስቱም ድርሻቸውን በፈቃዳቸው ለእናታቸው ተዉ። ሰንጢዋ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ጸዳች፤ ቀዩ ተነሣ፣ ግራጫው ቀረ፣ ቀንዱና ፊደሉ ቀሩ። ስለቷም ተሳለ፤ እናትየው "ሽንኩርት የማትቆርጥ ሰንጢ ለምኔ ናት?" ብላ ነበርና።

በዚህ ንግግሯ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ዕቃ የተሠራበትን ሥራ ሲሠራ ነው ሙሉ የሚሆነው። የሟችን ዕቃ ማክበር ሰባብሮ መስቀል አይደለም፤ መልካሙን አገልግሎት ማስቀጠልም ማክበር ነው።

"አዲስ አይሻልም?"

አንድ ወንድም እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ይህን ሁሉ ጊዜ ከማጥፋት አዲስ አይሻልም? ገበያው በርካሽ ሰንጢ ሞልቷል።" ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞላው የተሰበረ፣ ስለቱ አልቆ የቀረ፣ ይዞት ለሚሠራ ሰው እጅ አደገኛ የሆነ ዕቃ አለ፤ እሱን መተው ስንፍና አይደለም። ዕቃ ማሰብሰብም ኢማን አይደለም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጥለው ስላለቀ ሳይሆን ስለቆሸሸ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገንዘብ ማባከንን ጠልተዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ጫማቸውን እንደሚጠግኑ፣ ልብሳቸውን እንደሚሰፉ ተናግረዋል። አዲስ ለማግኘት ሰው ያጡ አልነበሩም፤ ሰሓቦቻቸው ያላቸውን ሁሉ ይሰጧቸው ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን መናገር ይከብዳል። በአገራችን ብረት የያዘን እጅ ስንንቅ ኖረናል። በአርማጭሆ፣ በደምቢያና በቋራ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን እየሠሩ ያቀርቡ ነበር፤ ምላሹ ግን "ቡዳ" የሚል ስድብ ነበር። ሙስሊም ሸማኔውም ቀጥቃጩም ከዚህ ንቀት አልዳነም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። የሚከለከለው የሚደረግ ነገር ነውና፣ አዋጁ ራሱ የበሽታው ምስክር ነው። በኛ እምነት ደግሞ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸውና ከእጃቸው ሥራ የሚበሉ ነቢይ ናቸው። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) ቀጥቃጭ ሰሓባ ነበሩ። ብረት መፋቅ ሲያሳፍረን መጣል ይቀልለናል። ስለዚህ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንዲት ሰንጢ አብራችሁ አጽዱ። ከሰንጢዋ በላይ የሚጸዳ ነገር አለ።

ቀልብም ይዝጋል

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሰው ኃጢአት ሲሠራ ቀልቡ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደሚያርፍ፣ ትቶ ምሕረት ከጠየቀና ከተመለሰ ቀልቡ እንደሚወለወል፣ ከደጋገመ ግን ነጥቡ ቀልቡን እስኪሸፍን እንደሚበዛ ተነግሮናል። "ይወለወላል" ያልነው በዐረብኛው "ሱቂለ" ነው፤ ዐረቦች ሰይፍ ሲወለወል የሚሉት ቃል ነው። "ሰይቀል" ደግሞ ሰይፍ ወልዋይ ባለሙያ ነው። ቃሉ የቀጥቃጭ ሠፈር ቃል ነው።

እስቲ ያየነውን ሕግ እዚህ እናምጣው። ተውባ የሚበላውን ያነሣል። የኖርነውን ሕይወት ግን እንዳልነበረ አያደርገውም። ብዙ ወጣት ይህ ይከብደዋል። ተመልሷል፣ ሶላት ጀምሯል፣ ግን ያለፈው ሲታወሰው "ተውባዬ አልተቀበለም ማለት ነው" ይላል። አይደለም። ማስታወስ ዝገት አይደለም። ወደ ኃጢአቱ መመኘት ዝገት ነው። የሰው ሐቅ ሳይመልሱ መቅረትም ዝገት ነው። ጠባሳው ግን ግራጫው ቀለም ነው፤ ከተያዘ ከሌላ ውድቀት ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ራሱን እንደ አቼቶ ዘፍዝፎ ይረሳል። ኃጢአቱን መጥላት ጀምሮ ራሱን እስከመጥላት፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ እስከመቁረጥ ይሄዳል። ይህ መጽዳት አይደለም፤ ዝገቱ ካለቀ በኋላ ብረቱን መብላት ነው።

የወሕሺን (ረ.ዐ) ታሪክ አስቡ። የሐበሻ ሰው ነበር፤ እንደ ሐበሾች ጦር ሲወረውር የማይስት። በኡሑድ የነቢዩን አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለው እሱ ነው። በኋላ ሰልሞ ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናውን ተቀበሉት፤ ነገር ግን ከቻለ ፊቱን እንዳያሳያቸው ጠየቁት። ኃጢአቱ ተነሣ፤ ኀዘኑ ግን ነበር፤ ነቢዩም እንደሌለ አልሸፈኑትም። ወሕሺ በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። ነቢይ ነኝ ባዩ ሙሰይሊማ በተነሣ ጊዜ ወጣ፤ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ሐምዛን የገደለበትን ያንኑ ጦር ይዞ ነበር የወረወረው። ጦሩን አልጣለውም፣ ያደረገውንም አልካደም፤ ብረቱ ያው ነው፣ የተዞረበት አቅጣጫ ግን ሌላ ሆነ።

ሰውን ስናርምም ይኸው ነው። ባልን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ ደረሳን ስናርም በእጃችን ያለው የጥርስ ብሩሽ ነው ወይስ ግራይንደር? አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ሰርቆ ከተመለሰ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማስታወስ፣ ዝገቱ የወረደን ብረት እንደገና መፋቅ ነው። ከደጋ የመጣን ሠራተኛ አነጋገሩን፣ ለቅሶውን፣ ዘፈኑን፣ ልማዱን ሁሉ በአንድ ቀን "ካልተውክ" ማለትም እንዲሁ ነው፤ ሐራሙ ሐራም ነው፣ ይነሣ፤ የማይጎዳው የአገሩ ለዛ ግን የቀንዱ እጀታ ነው፣ ይቆይለት። የምናርመው ሰው ሲያልቅ እኛ ስንበራ ከታየን፣ ያኔ ያነሣነው ዝገት አልነበረም።

ስለቱ ለማን ተሳለ?

በመጨረሻ፣ ዝገቷ ተነሥቶ የተሳለች ሰንጢ ገና ንጹሕ ናት እንጂ ገና መልካም አይደለችም። አላህ በሱረቱል ሐዲድ ብረት ብርቱ ኃይልም ለሰዎች ጥቅምም እንዳለበት ይነግረናል። እኛ የድንበር ሰዎች ሁለቱንም ፊቱን አይተናል፤ ማሳ ያጨደበትንም፣ ቤት ያፈረሰበትንም። በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ መልካም አሠራርን እንደደነገገ ካስታወሱ በኋላ፣ የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ አዝዘዋል። በወንድም ላይ ብረት ማመልከትን ደግሞ በቀልድም ቢሆን አጥብቀው ከልክለዋል። አንዱ ስለት በግ ላይ እንኳ እዝነት ይሆናል፤ በወንድም ፊት ሲመዘዝ ግን እርግማን ያመጣል። ስለዚህ ከሳላችሁ በኋላ አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ለሌላ ሰው ስትሰጡም እጀታውን ወደ እሱ አድርጉ።

በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ አንድ የተረሳ ነገር ፈልጉ፤ ሰንጢ ይሁን፣ ማጭድ ይሁን፣ የአባታችሁ ሰዓት ይሁን። መጀመሪያ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ የሚበላውን አንሡ፣ የሚናገረውን ተዉ፣ ሲበቃ አቁሙ። እጃችሁ በሥራው ሳለ ከቀልባችሁም የቱ ቀይ፣ የቱ ግራጫ እንደሆነ ተመልከቱ።

አላህ ሆይ፣ የቀልባችንን ዝገት አንሣልን። ያለፍንበትን ለትምህርት እንጂ ለተስፋ መቁረጥ አታድርግብን። በእጃችን ያለውን የሰው ሐቅ የምንመልስ፣ ስናርም የምናዝን፣ ስናዝንም እውነቱን የማንሸፍን አድርገን። ከኛ የቀደሙትን ሙታኖቻችንን ማራቸው፤ አገራችንንና ጎረቤታችን ሱዳንን ሰላም አድርግ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።